ሃያ አራቱ ትርፍ ባይቶች

ኖቬምበር 2 ቀን 1988፣ ረቡዕ ምሽት፣ አሜሪካ ውስጥ አንድ ተማሪ በኮምፒውተሮች ኔትወርክ ላይ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ለቀቀ። እኛ ዘንድ ሐሙስ ሊነጋ ሲል መሆኑ ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ ከሞያሌ ኬላ በኬንያ በኩል ነንና። ወዲያ ማዶ ተሻግራችሁ ብትጠይቁ ጥቅምት 23 ቀን 1981 ዓ.ም. ይሏችኋል።) ሲነጋ በርክሌይ፣ ኤም.አይ.ቲ. እና ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ትልልቅ ማሽኖች በሸክም ብዛት እየተንፏቀቁ ነበር። አጥፍቶ ማስነሳት አልረዳም፤ ከኔትወርኩ እስካልተነቀሉ ድረስ ሸክሙ ተመልሶ ይመጣል።

ፕሮግራሙ ከገባባቸው በሮች አንዱን ስሙልኝ። 512 ባይት ብቻ ለሚይዝ ቦታ 536 ባይት ላከ። አለቀ። ይኸው ነው የበሩ አከፋፈት። ሰብሮ አልገባም፣ ፓስወርድ አልሰረቀም፤ ከሚገባው በላይ ረጅም ነገር ተናገረና ማሽኑ ታዘዘለት። እናንተ ሁልጊዜ «ምንም ሳልነካ እንዴት ቫይረስ ይገባል?» ትሉኛላችሁ። መልሱ እነዚህ 24 ትርፍ ባይቶች ውስጥ አለ፤ ስለዚህ ሻያችሁን አስቀዱና ቀስ ብለን እንሂድ።

ኬላ ላይ የሚሞላ አንድ ቅጽ አስቡ። እውነተኛውን የጉምሩክ ቅጽ ማለቴ አይደለም፤ አሁን የፈጠርሁት ነው። ሣጥኖች በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ በየሣጥኑ አንድ ፊደል ይገባል። የመጀመሪያዎቹ 10 ሣጥኖች ለሾፌሩ ስም ናቸው። ከእነሱ ቀጥሎ፣ በዚያው መስመር ላይ፣ ቢሮው አስቀድሞ የሞላቸው 2 ሣጥኖች አሉ፤ «ስሙ ከተጻፈ በኋላ ወደ መስኮት 04 ሂድ» ማለት ናቸው። ስሙን እየሰማ የሚጽፈው ልጅ አንድ ጠባይ አለው፤ ሾፌሩ ዝም እስኪል ድረስ ይጽፋል። ሣጥኑ ሞላ አይል፣ አይቆጥር። ቅጹን ይዞ የሚሄደውም የራሱ ጠባይ አለው፤ የተጻፈው መስኮት ይሄዳል፣ እዚያ ያገኘውን ትእዛዝ ይፈጽማል፣ ለምን ብሎ አይጠይቅም።

አንድ ሾፌር መጣና 12 ፊደል ያለው ስም ተናገረ። ልጁ ጻፈ፣ ጻፈ፣ 11ኛውና 12ኛው ፊደል የመስኮቱ ቁጥር ላይ አረፉ። ሾፌሩ የዋህ ከሆነ እዚያ የሰፈረው ትርጉም የሌለው ነገር ነው፤ ቅጹን የያዘው ልጅ የሌለ መስኮት ሲፈልግ ይቀራል፣ ሥራው ይቆማል። ኮምፒውተር ላይ «ፕሮግራሙ ክራሽ አደረገ» የምንለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ሾፌሩ ተንኮለኛ ከሆነስ? የመጨረሻዎቹን ሁለት ፊደላት አስቦ ይመርጣቸዋል፤ ልጁም ሾፌሩ ወደፈለገው መስኮት ይሄዳል። የባሰም አለ። በስሙ ሣጥኖች ውስጥ ስም ሳይሆን ትእዛዝ ያስጽፋል፣ የመስኮቱን ቁጥር ደግሞ «ወደዚሁ መስመር መጀመሪያ ተመለስ» እንዲል ያደርገዋል። ልጁ ይመለሳል፣ «መጋዘኑን ክፈት» የሚል ያነባል፣ መጋዘኑን ይከፍታል።

ባፈር ኦቨርፍሎው የሚባለው ነገር ይኸው ነው። ባፈር የሚሉት የስሙን ሣጥኖች፣ ማለትም ከውጭ የመጣ ነገር ለጊዜው የሚቀመጥበትን የሚሞሪ ክፍል ነው። ኦቨርፍሎው ሞልቶ መፍሰሱ ነው። የመስኮቱ ቁጥር ደግሞ መመለሻ አድራሻ ይባላል፤ አንድ የፕሮግራም ክፍል ሥራውን ሲጨርስ ማሽኑ ወዴት ተመልሶ እንደሚቀጥል የሚናገር ቁጥር ነው። የዛሬ ኮምፒውተሮች መረጃንም ትእዛዝንም በአንድ ሚሞሪ ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ቁጥር ነው የሚያስቀምጡት። ለማሽኑ «ስም» እና «ሥራ» በመልክ አይለያዩም። ልዩነቱ ማን እየጠቆመባቸው እንደሆነ ብቻ ነው፤ ጠቋሚውን የያዘ ሁሉን ያዘ።

ወደ 1988 እንመለስ። ያን ጊዜ ዩኒክስ በሚባለው ስርዓተ ክወና በሚሠሩ ማሽኖች ላይ ፊንገር የሚባል አገልግሎት ነበረ። ሐሳቡን ሌስ ኧርነስት የሚባል የስታንፎርድ ሰው በ1971 ነው የጀመረው፤ ማን ኮምፒውተሩ ላይ እንዳለ፣ መቼ እንደገባ ለማወቅ። ኋላ በኔትወርክ ሆነና ከሌላ ከተማ ያለ ሰው የአንድን ሰው ስም ልኮ «አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅበት ሆነ። ደስ የሚል የመተማመን ዘመን ነው፤ ማንም ያልታወቀ እንግዳ ደውሎ የቤቱን ሰዎች ዝርዝር መጠየቅ ይችል ነበር። ጥያቄውን የሚቀበለው ፕሮግራም ለስሙ 512 ባይት አዘጋጅቶ፣ መስመሩን የሚያነብለት ጌትስ የሚባል ዝግጁ ፈንክሽን ይጠራል። ጌትስ ማለት የቅጹ ጸሐፊ ልጅ ነው። መስመሩ እስኪያልቅ ድረስ ያነባል፤ ስንት እንደሚይዝ የሚነግረው የለም፣ እሱም አይጠይቅም። መጠኑን የሚቀበልበት ቦታ ጭራሹን አልተሠራለትም።

ትሉ (ዎርም የሚሉት ራሱን በራሱ ከማሽን ማሽን የሚያባዛ ፕሮግራም ነው) ለፊንገር የላከው 536 ባይት አሠራሩ ውበት አለው፤ ተንኮል መሆኑን ሳልረሳ ነው የምናገረው። የመጀመሪያዎቹ 400 ባይቶች በቫክስ ማሽን ቋንቋ «ምንም አታድርግ፣ እለፍ» የሚል አንድ ትእዛዝ ተደጋግሞ ነው። ለምን? ምክንያቱም የመመለሻው አድራሻ ትክክለኛዋን ነጥብ ባይመታም፣ ከ400ዎቹ አንዱ ላይ ካረፈ ማሽኑ እያለፈ እያለፈ ወደሚፈለገው ቦታ ይደርሳል። ከዚያ ቀጥለው 28 ባይት ያህል እውነተኛ ትእዛዝ መጡ፤ «ሼሉን ክፈትልኝ» ይላሉ። ሼል ማለት የተጻፈለትን ትእዛዝ ሁሉ የሚፈጽም የዩኒክስ አሽከር ነው። በመጨረሻ ከ512 አልፈው የፈሰሱት መጡና የመመለሻውን አድራሻ ሻሩት። ፊንገር ሥራውን ጨርሶ ሊመለስ ሲል ወደ 400ዎቹ ተመለሰ። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ከሩቅ ያለው ሰው የማሽኑ ጌታ ነው።

ዘዴው የሠራው ቫክስ በሚባሉት ማሽኖች ላይ ብቻ ነበር። ሰን የሚባሉት ላይ ያው ትርፍ ባይት ሲደርስ ፊንገር ይወድቅ ነበር እንጂ በሩ አይከፈትም፤ ትእዛዙ የተጻፈው በቫክስ ቋንቋ ነዋ። ለእነሱ ትሉ ሌሎች በሮች ነበሩት። ሴንድሜይል በሚባለው የፖስታ ፕሮግራም ውስጥ ለመፈተሻ ተብሎ የተተወ ቀዳዳ፣ እርስ በርስ የሚተማመኑ ማሽኖች ዝርዝር፣ ደግሞ ፓስወርድ ለመገመት የያዛቸው 432 ቃላት። እነዚህን በሌላ ቀን አወራችኋለሁ።

የለቀቀው ሮበርት ታፓን ሞሪስ ይባላል፤ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር፣ 23 ዓመት ሊሞላው ስድስት ቀን የቀረው። ከኮርኔል መምጣቱ እንዳይታወቅ ከኤም.አይ.ቲ. ማሽን ላይ ነው የለቀቀው። አባቱን ብታውቁ ትደነግጣላችሁ፤ ከቤል ላብስ የዩኒክስ ሰዎች አንዱ፣ የዩኒክስን የፓስወርድ ጥበቃ የሠራ፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ የኮምፒውተር ደኅንነት ማዕከል ዋና ሳይንቲስት!

ልጁ ማሽኖቹን ለማቆም አልፈለገም ይባላል፤ እኔም አምናለሁ፤ ምክንያቱም ትሉ ውስጥ ፋይል የሚያጠፋ ነገር አልነበረም። የጎዳው ቁጥር ነው። ትሉ ማሽን ውስጥ ሲገባ «ወንድሜ አለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካለ አንዳቸው ይሞታል። ሞሪስ ግን አስተዳዳሪዎች በውሸት «አዎ አለሁ» የሚል ፕሮግራም እንዳያስቀምጡበት ፈራና፣ ከሰባት አንዱ መልሱን ሳይሰማ እንዲኖር አደረገ። ከሰባት አንድ በጣም ብዙ ነበር። ማሽኖቹ በመቶ የሚቆጠር ቅጂ ተሸክመው ሰጠሙ።

በዚያች ሌሊት ከተደረጉት ሁሉ ለእኔ አንጀት የሚበላው የአንዲ ሰደዝ ነገር ነው። ሃርቫርድ ያለ የሞሪስ ጓደኛ ነው (በነገራችን ላይ በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ በጀልባ ቀዘፋ የብር ሜዳሊያ ያገኘ ሰው ነው)። ሞሪስ ደንግጦ ደወለለት። ሰደዝም ስሙን ሳይገልጽ ይቅርታና ትሉን ማቆሚያ ዘዴ የያዘ መልእክት በኔትወርኩ ላይ ላከ። መልእክቱ ግን የሚያልፈው ትሉ ባጨናነቃቸው፣ ሰዎችም ፈርተው በነቀሏቸው ማሽኖች በኩል ነበር። ለብዙዎቹ የደረሰው ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

ስንት ማሽን ተያዘ? በየመጽሐፉ 6,000 የሚል ታገኛላችሁ። ይህን ቁጥር በጥርጣሬ ያዙት፤ ያን ጊዜ ኔትወርኩ ላይ 60,000 ያህል ማሽን አለ ተብሎ፣ አንድ አሥረኛው ይሆናል ከሚል ግምት የወጣ ነው። ሞሪስ በ1990 ተፈርዶበት የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት፣ 400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና 10,050 ዶላር መቀጮ ተቀበለ። ኋላ የዚያው የኤም.አይ.ቲ. ፕሮፌሰር ሆነ። የፊንገር ቀዳዳ የተደፈነው ደግሞ ጌትስ በኤፍ-ጌትስ ተተክቶ ነው፤ ኤፍ-ጌትስ «ስንት ይይዛል?» የሚል ጥያቄ ያለበት ወንድሙ ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ ማን አስቦት ያውቃል?» ትሉ ይሆናል። ታስቦ ነበር! የሚያናድደኝም እሱ ነው። በ1972 ጄምስ አንደርሰን የሚባል ሰው ለአሜሪካ አየር ኃይል በጻፈው የጥናት ሪፖርት ይህንኑ ነገር ገልጾታል፤ ፕሮግራም የሚቀበለውን ነገር ወሰን ካልፈተሸ ተጠቃሚው የሥርዓቱን ኮድ ሊሽረውና በላዩ የራሱን ሊያሰፍር ይችላል ብሎ። ከሞሪስ 16 ዓመት በፊት። ቶኒ ሆር የሚባለው የእንግሊዝ ሊቅ ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለኤሊየት ማሽን የአልጎል ቋንቋ ሲሠራ፣ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ሣጥን ወሰኑን እየፈተሸ እንዲነካ አድርጎ ነበር። ጊዜ ይበላልና እናጥፋላችሁ ወይ ብለው ደንበኞቹን ቢጠይቋቸው፣ በአንድ ድምፅ «አይሆንም፣ ስህተታችንን ማወቅ እንፈልጋለን» አሉ። ሆር ይህን በ1980 የቱሪንግ ሽልማት ሲቀበል ነው የተናገረው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የቋንቋ ሠሪዎች አለመማራቸውን በምሬት እየጠቀሰ።

ከዚያ ሲ መጣ። ዴኒስ ሪቺ ቤል ላብስ ውስጥ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሠራው ቋንቋ ነው፤ ዩኒክስ የተጻፈበት፣ ዛሬም ስልካችሁ ሥር ድረስ ያለ። የተሠራበት ማሽን ሚሞሪው ከአንዲት የዛሬ ፎቶ ያነሰ ነበር፤ እያንዳንዱ ፍተሻ ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ ሲ ፕሮግራመሩን አመነው። ወሰን መጠበቅ ያንተ ሥራ ነው አለው። ለሪቺና ለጓደኞቹ ያ ትክክል ነበር፤ ፕሮግራሙን የሚጽፉትም የሚጠቀሙበትም እነሱው ነበሩና። ጣጣው ማሽኑ ከኔትወርክ ጋር ሲገናኝና ስም የሚናገረው ሰው የማይታወቅ እንግዳ ሲሆን ነው። ጌትስ ከሲ ቋንቋ መመዘኛ ሙሉ በሙሉ የተሰረዘው መቼ እንደሆነ ገምቱ። በ2011። ከሞሪስ በኋላ 23 ዓመት!

እኛስ ያን ሐሙስ ጠዋት የት ነበርን? በ1988 ከኢሲዮሎ ወደ ሞያሌ የሚመጣው መንገድ ፒስታ ነበር፤ ኢንተርኔት የሚባለው ነገር ናይሮቢም አዲስ አበባም አልደረሰም። ትንሽ ቆይቶ የመጣው ፊዶኔት ነው፤ ቶም ጄኒንግስ የሚባል ሰው በ1984 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የጀመረው። አንድ ተራ ፒ.ሲ.፣ አንድ ሞደም፣ አንድ የስልክ መስመር፤ የቀኑ ደብዳቤ ተጠራቅሞ ይጠቀለልና ማሽን ለማሽን ይደዋወላሉ፣ ጥቅሉን ተለዋውጠው ስልኩን ይዘጋሉ። አዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የሚባለው ክፍል፣ ናይሮቢ ደግሞ ኤልሲ የሚባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እንዲህ ያሉ ማዕከሎች ነበሯቸው፤ ወደ ዓለም የሚወጡትም ለንደን ባለው ግሪንኔት በኩል ነበር። ብዙ የአፍሪካ አገሮች የመጀመሪያ ኢሜይላቸውን ያዩት እንዲህ ነው።

የሞሪስ ትል በእንዲህ ያለ መስመር መምጣት አይችልም። ጥቅል ተቀብሎ ስልክ የሚዘጋ ማሽን ላይ ከሩቅ ሆኖ ከፊንገር ጋር ፊት ለፊት የሚያነጋግር ነገር የለም። ወደዚህ ዓለም ክፍል የሚመጣው ቫይረስ በፍሎፒ ዲስክ፣ በሰው ኪስ ነበር። ኬንያ ሙሉ ኢንተርኔት ያገኘችው በ1995 ነው፤ ኢትዮጵያ በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽኑ በኩል በጃንዋሪ 1997። ዘግይተን በመምጣታችን የመጀመሪያውን ዱላ አመለጥን። ብዙ ግን አልዘለልንም፤ ምክንያቱም ልክ በዚያው ሰሞን፣ በኖቬምበር 1996፣ አሌፍ ዋን በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ ሰው (ኢሊያስ ሌቪ ነው) ፍራክ በሚባል የሀከሮች መጽሔት 49ኛ እትም ላይ ይህን ዘዴ ደረጃ በደረጃ የሚያስተምር ጽሑፍ አወጣ። የጥቂት ሰዎች እውቀት የነበረው ነገር ማንም ጎበዝ ተማሪ በሳምንት የሚማረው ሆነ።

ከዚያ ያለው ታሪክ በፍጥነት ነው የሚሄደው። በጁላይ 2001 ኮድ ሬድ የሚባል ትል የማይክሮሶፍትን የድረ ገጽ ሰርቨር በዚሁ በሞልቶ መፍሰስ ያዘ፤ ከ14 ሰዓት ባነሰ ጊዜ 359,000 ማሽን። መድፈኛው ከወር በፊት ወጥቶ ነበር።

ስላመር የሚባለው ትል ግን የተለየ ነው፣ እሱን ቆም ብዬ ካልነገርኳችሁ አልረካም። ጃንዋሪ 25 ቀን 2003፣ ቅዳሜ፣ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ ሁለት ተኩል ላይ ተነሣ። (በስዋሂሊም ያው «ሳ ምቢሊ ና ኑሱ» ነው፤ በሰዓት አቆጣጠር ሁለቱ የሞያሌ ዳርቻዎች አይጣሉም።) ሙሉ ትሉ 376 ባይት ነበር። አሁን እያወራሁት ያለሁት አንቀጽ ከሱ ብዙ እጥፍ ይበልጣል! የማይክሮሶፍትን የዳታቤዝ ሰርቨር ነው የሚያጠቃው፤ እሱም «አለህ ወይ?» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ በአንዲት ጥቅል ተጭኖ ይላካል፣ ጥቅሏ ራሷ ባፈሩን ታፈሳለች፣ ያ ማሽን ወዲያው በዘፈቀደ ወደመረጣቸው አድራሻዎች መላክ ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ በየ8.5 ሰከንዱ በእጥፍ ይራባ ነበር። በአሥር ደቂቃ ውስጥ በዓለም ላይ ለዚያ ቀዳዳ ከተጋለጡት ማሽኖች 90 በመቶውን ያዘ፤ ቢያንስ 75,000። የባንክ ኦፍ አሜሪካ ኤ.ቲ.ኤም.ዎች ገንዘብ መስጠት አቆሙ፣ የደቡብ ኮሪያ ኢንተርኔት ተንገዳገደ። እናንተ ቁርስ ላይ ሻይ አዝዛችሁ ሳይቀርብላችሁ ሁሉም ነገር አልቋል። መድፈኛው? ከስድስት ወር በፊት ወጥቶ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ፊደል ልምጣ፤ ይህን ክፍል የትም አታነቡትም፣ እኔ ግን ስለ ሣጥን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ እሱ ነው። ባፈር የሚለካው በባይት ነው እንጂ በፊደል አይደለም። ለእንግሊዝኛ ፊደል ልዩነት የለውም፤ አንድ ፊደል አንድ ባይት ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በ3.0 እትም ሲሆን፣ ዛሬ ኢንተርኔቱ ሁሉ በሚጠቀምበት ዩ.ቲ.ኤፍ.-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳል። የከተማችንን ስም በላቲን ብትጽፉት 6 ባይት ነው፤ «ሞያሌ» ብላችሁ በሦስት ፊደል ስታሳጥሩት 9 ባይት ሆነ! በነገራችን ላይ ዩ.ቲ.ኤፍ.-8ን በ1992 የፈለሰፉት ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ ናቸው፤ ቶምሰን የዩኒክስ አባት፣ የሪቺ ባልደረባ።

እስቲ አንድ ፕሮግራመር እንበል፤ የደንበኛ ስም መቀበያ ሲሠራ «20 ፊደል ይበቃል» ብሎ 20 ባይት አዘጋጀ። ማያው ላይ የሚቆጣጠረው ክፍል ፊደል ይቆጥራል፤ ሥር ያለው ደግሞ ባይት ያስቀምጣል። አንድ ሰው መጥቶ «ገብረመድኅን» ብሎ ጻፈ። ሰባት ፊደል ነው፤ ከሃያ በእጅጉ ያነሰ፣ ይለፍ ተባለ። ሰባት ጊዜ ሦስት ስንት ነው? 21። አንዷ ባይት ወጣች። ገብረመድኅን ምንም ጥፋት የለበትም፤ ሣጥኑን የለካው ሰው የገዛ ስሙን ርዝመት ይዞ ነው የለካው። ጥሩ ቋንቋና ጥሩ ፕሮግራመር ይህን ያውቃሉ፤ ስህተቱ ግን በዓለም ላይ ተደጋግሞ የተሠራ የታወቀ ዓይነት ስህተት ነው። ልዩነቱን በእጃችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ቴክስት ሜሴጅ ጻፉ። በእንግሊዝኛ አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፣ በአማርኛ 70 ሲያልፍ ወደ ሁለተኛ መልእክት ይሻገራል። እዚያ ያለው አጻጻፍ ሌላ ነው፣ ለአንድ ፊደል 2 ባይት፤ የሣጥኑ ጠባብነት ግን ያው ነው።

መከላከያስ? በ1998 እነ ክሪስፒን ካዋን ስታክጋርድ የሚባል ነገር አመጡ። በቅጻችን ብናየው፣ በስሙና በመስኮቱ ቁጥር መካከል ሾፌሩ የማያውቀው አንድ ምስጢራዊ ቁጥር ይቀመጣል፤ ልጁ ከመሄዱ በፊት ቁጥሩ እንዳልተነካ ያያል፣ ከተነካ ሥራው ይቆማል። ሚሞሪውን መረጃ ያለበትና ትእዛዝ የሚፈጸምበት ብሎ መለየትም ተጀመረ፤ ዊንዶውስ ኤክስ.ፒ. በ2004 ሁለተኛ ሰርቪስ ፓኩ ይህን ይዞ መጣ። አድራሻዎቹን በየጊዜው ማቀያየርም አለ። እንደ ረስት ያሉ አዳዲስ ቋንቋዎች ደግሞ ደንበኞቹ በ1960ዎቹ ለሆር የነገሩትን በመጨረሻ ሰምተዋል፤ ወሰኑን ሳይፈትሹ ሣጥን አያስነኩም። እያንዳንዱ መከላከያ መግቢያውን አስወደደው እንጂ አልዘጋውም።

ሁሉም ጥቃት እንዲህ ይራቀቃል ብላችሁ ደግሞ አታስቡ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ በማርች 2013 ባወጣው ጥናት ፊንፊሸር የሚባለው የስለላ ሶፍትዌር በኢትዮጵያውያን ላይ መዋሉን አሳይቶ ነበር። ማጥመጃው ግንቦት ሰባት የሚባለው የተቃዋሚ ቡድን ሰዎች ፎቶግራፍ ነበር። ፎቶ የመሰለው ፋይል ፕሮግራም ነው፤ ከከፈትከው ገባ። እዚያ ምንም የፈሰሰ ባፈር አያስፈልግም፣ የሰው ጉጉት ይበቃል። «የማታውቁትን ነገር አትክፈቱ» የምንለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ለሌላኛው ግን ምክሩ አይሠራም። በሜይ 2019 ዋትስአፕ አንድ ቀዳዳ መድፈኑን አስታወቀ፤ በድምፅ ጥሪ ክፍሉ ውስጥ ያለ ባፈር ኦቨርፍሎው። አጥቂው ይደውላል። ስልኩ ሊጠራ ሲዘጋጅ ከጥሪው ጋር የሚመጡት ጥቅሎች ባፈሩን ያፈሱታል፣ የእስራኤሉ ኤን.ኤስ.ኦ. ኩባንያ ፔጋሰስ የሚባለው ሰላይ ይገባል። አነሱት አላነሱት ለውጥ የለውም። ዋትስአፕ 1,400 ያህል ሰዎች ተነጣጥሮባቸዋል ብሎ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ኩባንያውን ከሰሰ፤ ማስጠንቀቂያ ከደረሳቸው መካከል በውጭ የሚኖሩ ሩዋንዳውያን ተቃዋሚዎች ይገኙበታል። ከ1988ቱ ፊንገር ጋር አስተያዩት። ያኔም ማሽኑ ከማያውቀው ሰው የመጣ ነገር ለመቀበል ክፍት ነበር፣ ስልክም ሥራው ይኸው ነው፤ ማንም ሊደውልልህ መቻል አለበት።

ስለዚህ በቀደም «አንድ ያልታወቀ ቁጥር ደውሎልኝ አላነሣሁም፣ ዳንሁ ወይ?» ብላ ለጠየቀችኝ እህታችን መልሴ እነሆ። ሴቲንግ ገብተሽ የዋትስአፕሽን የስሪት ቁጥር እዪ። አንድሮይድ ላይ 2.19.134 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የ2019ዋ ቀዳዳ ተደፍናለች፤ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አዲስ ስሪት ሁሉ ከዚያ በላይ ነው። የሚያሳስበኝ ስልኩ ራሱ ነው። ሁለተኛ እጅ የተገዛና ፋብሪካው አፕዴት መላክ ያቆመለት ስልክ ከሆነ፣ ከዋትስአፕ ሥር ያሉት ሣጥኖች የተለኩት በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ አብረን ከፍተን እንይ። ነገ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይዘሽው ነይ፤ ዋይፋይ አለ፣ ዳታሽን አትጨርሺ።